በሙዐዊያ ስም የተገዛች ሞተር

ካምፓላ፣ መስከረም 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ሀብቱ፣

እንኳን ለአዲሱ ዓመትና ለመስቀል በዓል በሰላም አደረሰህ። እማ እንዴት ናት? ጉልበቷ ተሻላት ወይ? ባለቤትህ ሕሊናስ፣ ልጆቹስ፣ ከብቶቹስ? እኔ የእናንተ ናፍቆት ከሚያስቸግረኝ በቀር በጣም ደኅና ነኝ፤ አምላክ ይመስገን።

ይህን ደብዳቤ አዲስ አበባ የሚያደርስልኝ የአሠሪዬ ዘመድ ነው፤ ከዚያ በአሶሳ አውቶቡስ ይልክልሃል። ስልክ የማልደውለው ለምን እንደሆነ ታውቃለህ። ከዚያ ነገር በኋላ ቁጥሬን ቀይሬያለሁ፣ ከሰፈራ አምባችን ሰው ጋርም በምንም አልገናኝም። አንተ ግን ወንድሜ ነህ። ከእስር መፈታትህን በሰው በሰው ሰምቼ በጣም ደስ ብሎኛል። እኔም እዚህ ሆኜ ብዙ ጸልያለሁ።

አሁን ወደ ምሥራቹ ልግባ። ሞተር ልገዛ ነው። እዚህ ከተማ ሰው የሚንቀሳቀሰው በሞተር ነው፤ ቦዳ ቦዳ ይሉታል። ነፍሰ ጡሯም፣ ጠበቃውም፣ ፍራሽ የተሸከመውም ሁሉ ከኋላ ተፈናጦ ይሄዳል። የምገዛትን እኔው ራሴ የምሠራበት ጋራዥ ውስጥ አጥቤያታለሁ። ቀይ ናት፣ ወንበሯ አልተቀደደም፣ ገና እግሬን ሳሳርፍባት ትነሣለች። ከዚህ በኋላ የሰው መኪና ከማጠብ እገላገላለሁ ማለት ነው።

ችግሩ ቪዛዬ ነው። የገባሁት በቱሪስት ቪዛ ነው። ሻጩ “አንተ ጎብኚ ነህ፤ ጉብኝትህን ጨርስና ሂድ” ብሎ ሳቀብኝ። ሊብሬው በስሜ እንዲወጣ የመኖሪያ ወረቀት አምጣ አሉኝ። እንደኔ ያለው ሰው ሁሉ የሚያደርገው ወረቀት ባለው ሰው ስም አስይዞ መንዳት ነው። አሠሪዬ በእኔ ስም ይሁን ብሎኝ ነበር፤ ዓይኑ ግን አላማረኝም። የአሶሳ ሰው ቢገኝ እመርጣለሁ። የአገር ልጅ ቢያንስ ይሉኝታ ይይዘዋል። አንተ ሰው ታውቃለህና እስቲ አፈላልግልኝ።

እማ እንድትመርቀኝ ንገራት።

ታናሽ ወንድምህ እዩኤል


አሶሳ፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለእዩኤል፣

ካለህበት ሰላምታዬ ይድረስህ። ደብዳቤህን ለእማ አነበብኩላት። ሰላምታው ጋ ስደርስ አለቀሰች፣ ሞተሩ ጋ ስደርስ ነጠላዋን ተከናነበች። እኛ ቤት ሁሉም በሕይወት አለ።

መፈታቴን ሰምተህ ደስ እንዳለህ ጽፈሃል። እንዴት እንደታሰርኩ ግን አልጻፍክም፤ እኔ ልጻፍልህ። ኢቲዳል ከገበያ ስትመለስ በእኔ ሞተር ገጨሃት። ሞተሩንም እሷንም አስፋልቱ ዳር ጥለህ ባገኘኸው አይሱዙ ተሳፈርክ። አዲስ አበባ ስትገባ ለፖሊስ ደውለህ “ሲነዳ የነበረው ወንድሜ ሀብቱ ነው” አልክ። ታርጋው በእኔ ስም ነው፣ ሊብሬው በእኔ ስም ነው፣ ማን ሊያምነኝ ኖሯል? ለውዝ የምትሸጠው ብኸይታ ቀርባ ያየችውን ባትመሰክር እስካሁን እዚያው ነበርኩ። አንተ ደግሞ ጸለይኩልህ ትለኛለህ። ዓይንህን በጨው አጥበሃል።

“ያ ነገር” አትበል። ስም አላት። እማ በወባ ወድቃ ጡቷ ሲደርቅ፣ አንተ ደግሞ አልቅሰህ ድምፅህ ሲጠፋ፣ ከራሷ ልጅ ከኢልያስ ጋር እያፈራረቀች ያጠባችህ ሴት ናት። ቀጥሎ ስትጽፍልኝ ስሟን ጻፍ።

ደሙ እንዳለ ነው። የእኛም የበርታዎቹም ሽማግሌዎች አብረው ተቀምጠው ነበር። ያደረገው ሰው ራሱ ካልቀረበ ዕርቅ አይወርድም አሉ፤ ባሏ ኻሚስም በዚህ ጸንቷል። ዕርቅ እስኪወርድ ድረስ የኻሚስ ቤትና የእኛ ቤት አብሮ አይበላም፣ አብሮ አይጠጣም፣ አንዱ የሌላውን ደጃፍ አይረግጥም። ወደ ማንጎዎቻችን የሚያስገባው መንገድ በእሱ ግቢ እንደሆነ ታውቃለህ። አምና ፍሬው ከዛፉ ሥር እንደወደቀ በሰበሰ፤ ሽታው እቤት ድረስ ይመጣ ነበር። እሱ ይሁን ግዴለም። የከፋው የእማ ነው። ከወሎ መጥተን እዚህ ስንሰፍር ጀምሮ ጎረቤቷ የሆነች ሴት ሞታ፣ ለቅሶውን በአጥር ቀዳዳ ሰማችው እንጂ አልተቀመጠችም። አሁን የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ “ልጄን ጥራልኝ፤ ኻሚስ ቤት ገብቼ ለኢቲዳል አልቅሼላት ልሙት።” ስለዚህ ጠርቼሃለሁ። ና።

የማትመጣ ከሆነ ደግሞ ስለ ሞተሯ ይኸውልህ። ካምፓላ ሙዐዊያ የሚባል ሰው አለ፤ አድራሻውን ከጀርባ ጽፌልሃለሁ። አባቱ የዚህ አገር ሰው ነው፣ እሱ ግን ያደገው ከኩርሙክ ማዶ ሱዳን ውስጥ ስለሆነ አታውቀውም። የመኖሪያ ወረቀት አለው። በቃሉ የሚያድር ሰው ነው። በእሱ ስም አስይዛት።

ወንድምህ ሀብቱ


ካምፓላ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህና ለማከብርህ ለጋሼ ሀብቱ፣

እንኳን ለጥምቀት በዓል አደረሰህ፣ እንኳን አብሮ አደረሰን። እማን ጉልበቷን ስሜያለሁ በልልኝ። እኔ ደኅና ነኝ።

የጻፍክልኝን አንብቤያለሁ። ልክ ነህ፤ ተቆጥተሃል፣ ብትቆጣም አይፈረድብህም። ያን ጊዜ ደንግጬ ነበር። የደነገጠ ሰው የሚለውን አያውቅም። እሱን ሌላ ጊዜ ተገናኝተን በሰፊው እንነጋገራለን፣ አሁን ምን ይጠቅመናል? መምጣቱንም ቢሆን አልጠላሁትም፣ ጊዜው ሲደርስ።

ሙዐዊያን አገኘሁት። እግዚአብሔር ይስጥህ፣ እንደ አንተ ያለ ወንድም የት ይገኛል። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ የመለዋወጫ ሱቅ ያለው ሰው ነው። ከአሶሳ መሆኔንና የአንተ ወንድም መሆኔን ስነግረው ለረጅም ጊዜ ፊቴን አየኝ። ከዚያ “እሺ፣ በስሜ ይሁን” አለ፤ ሌላ አልጠየቀኝም። ለውለታው እንኳ ምንም አልቀበልም አለ። ወረቀቶቹ ሁሉ በእሱ ስም ወጥተዋል፣ እሱው ዘንድ ናቸው። ቁልፏ እኔ ጋ ነው።

ጠባዩ ትንሽ ግራ ይላል። ምሳ ልጋብዝህ ብለው እምቢ አለ። ሻይ ብለው እምቢ አለ። አንድ ቀን ሱቁ ሄጄ ውኃ ስጠይቀው ከሱቁ ወጣና ከጎረቤት የታሸገ ገዝቶ እደጃፍ ላይ አስቀመጠልኝ፤ ከራሱ ማሰሮ አልቀዳልኝም። ጾመኛ ይሆናል ብዬ ተውኩት። ሃይማኖተኛ ሰው ደግሞ አይከዳም።

ጋሼ፣ ሞተሯን ብታያት። ጠዋት ጠዋት ተማሪ አመላልሳለሁ፣ ከሰዓት የገበያ ሰው። ዳገቱ ላይ ማርሽ ስቀይር አንተ ከአሶሳ ወደ አምባችን ስትወስደኝ የነበረው ትዝ ይለኛል። ቪዛዬ ሊያልቅ ነው፣ ግን እዚህ ሞተር ላይ ያለን ሰው ማንም አስቁሞ አይጠይቅም ይላሉ። እስቲ ለእማ የሞተሯን ፎቶ አሳያት፤ ከዚህ ጋር አድርጌያለሁ። ልጇ ሰው እንደሆነ ትይ።

እዩኤል


አሶሳ፣ የካቲት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበርከው ለሙዐዊያ፣

አሰላሙ አለይኩም። ዘንድሮ ጾማችን ገጠመ፤ አላህ የአንተንም የእኛንም ይቀበል። ኔትወርኩ ሰሞኑን ድምፅ እየቆራረጠ ስላስቸገረን የምለውን በወረቀት አድርጌዋለሁ።

እናቴ የወርቅውሃ አረፈች። የኻሚስን ደጃፍ ሳትረግጥ ነው የሄደችው። ከሕመሟ የዳነች መስሎን ነበር፣ ዓርብ ዕለት አቅሟ ድንገት ከዳት። መጨረሻ ላይ የጠራችው እኔን አልነበረም፤ አክስትህን ኢቲዳልን ነው የጠራችው። አጠገቧ ተቀምጬ ሰማኋት።

ቀብሯ ላይ የሆነውን ልንገርህ፣ ሌላ የምነግረው የለኝም። አስከሬኑን ይዘን ስንወጣ ኻሚስ፣ ልጁ ኢልያስና ዘመዶቹ በሙሉ መጥተው አስፋልቱ ማዶ ቆመዋል። ሌላ ጊዜ ቢሆን መቃብሩን የሚቆፍሩት እነሱ ነበሩ። አባቴ ሲሞት የቆፈረው ኻሚስ ነው። አሁን ደም ስላለ መሻገር አልቻሉም። ሴቶቻቸው እዚያው ማዶ እንደቆሙ አለቀሱላት፣ የእኛ ሴቶች በዚህ በኩል አለቀሱ፣ በመሀል መኪና ያልፋል። ኻሚስ በኋላ በዚያ በሚሰባብረው አማርኛው በሰው ምን ብሎ ላከብኝ መሰለህ? “ሀብቱ፣ እናታችን ሞተ፣ እኔ መንገድ ላይ ቀረሁ።” እኔ እንደዚያ ቀን ተዋርጄ አላውቅም፤ ስታሰርም እንደዚያ አልተዋረድኩም።

እስከዚያ ቀን ድረስ የፈለግሁት ዕርቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሌላም ነገር ፈልጌያለሁ፤ አልደብቅህም።

ስለዚህ አሁን እንደተነጋገርነው አድርግ። ሞተሯ በአንተ ስም ናት፤ ውሰዳት። አትምታው፣ አትስደበው፣ አትሽጣትም። ግቢህ አስገብተህ ቆልፋት። ማን መሆንህን፣ የማን የወንድም ልጅ እንደሆንክ ያን ጊዜ ንገረው። ለምን ምግቡን እንዳልበላህም ይወቅ። አሶሳ ሄዶ ኻሚስ ፊት ከቀረበ ትመለስለታለህ፣ ካልቀረበ ትዛግ።

አንድ አደራ ግን አለብህ። የእናቱን መርዶ እንዳታረዳው። እናቱ የሞተችበት ሰው በማለዳ ሽማግሌ በሩን ያንኳኳለታል፣ ዘመድ ይከበዋል፣ ሲወድቅ የሚደግፈው ያገኛል። እኔ ያን ሁሉ አልሰጠውም። እሷ አለች ብሎ ሰላምታ ይላክ። ነውር መሆኑ አይጠፋኝም፤ አውቄ ነው።

የልብ ወዳጅህ ሀብቱ


ካምፓላ፣ መጋቢት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሀብቱ፣

ጋሼ ብዬ አልጠራህም። ሰላምታ የምልከው ለእማ ብቻ ነው።

ሸጥከኝ። የገዛ ወንድሜ ሸጠኝ። ሙዐዊያ ጠዋት መጣ፣ ቁልፉን አምጣ አለኝ፤ ሊያስተካክላት መስሎኝ በእጄ ሰጠሁት። ሞተሯን እየገፋ ግቢው አስገባና በሩን ዘጋ። ከዚያ ተመልሶ ወጥቶ እንዲህ አለኝ፦ “አንተ የገደልከው የአባቴ እህት ነው። እኔ ከአንተ ጋር ውኃ እንኳ አልጠጣም። አሶሳ ሂድ።” ድምፁን ከፍ አላደረገም። ብጮህበት፣ ባለቅስበት ጥሎኝ ወደ ሱቁ ሄደ።

ፖሊስ ጋ ልሂድ ብዬ ተነሣሁ። ምን ብዬ? ወረቀቱ የእሱ፣ ስሙ የእሱ። እኔ ቪዛዬ አልቋል፤ መጀመሪያ የሚታሰረው እኔ ነኝ። የጋራዡ ባለቤት በሰው ስም አስይዘህ አሁን ምን ታለቅሳለህ ብሎ ሳቀብኝ፣ ሥራውንም ለሌላ ሰጥቶብኛል። አሁን የማድረው አንድ ኤርትራዊ ልጅ ክፍል ጥግ ላይ ነው።

ይህን ሁሉ አቀናብረህ፣ በቃሉ የሚያድር ሰው ነው ብለህ ጻፍክልኝ። እንዴት አስቻለህ? ለእማ አንብብላት። አንዲት ቃል እንዳትዘልል። በሁለታችን መሀል እሷ ትፍረድ፣ ካጠፋሁም እሷ ትርገመኝ። አንተ ግን ወንድሜ አይደለህም።

እዩኤል


አሶሳ፣ ሚያዝያ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእዩኤል፣

የፋሲካ ሰላምታ አልልክልህም፤ እኛም አላከበርንም።

ደብዳቤህን እንዳልከኝ አንዲት ቃል ሳልዘልል አነበብኩት። በአገላለጽህ ደስ አለኝ፤ ደስ ያለኝን ደስ አላለኝም አልልም። “መጀመሪያ የሚታሰረው እኔ ነኝ” ብለሃል። “ወረቀቱ የእሱ፣ ስሙ የእሱ” ብለሃል። እኔ ይህንኑ ለመርማሪው ደጋግሜ ስናገር ነበር፤ ታርጋው የእኔ ነው እንጂ የነዳሁት እኔ አይደለሁም እያልኩ። ሕሊና ስንቅ ይዛ በር ላይ ስትቆም ሰዎች የነፍሰ ገዳይ ሚስት ይሏት ነበር። ልጄ ትምህርት ቤት መሄድ ትታ ነበር። አንጀቴ ያረረው ያን ጊዜ ነው፤ ከዚያ ወዲህ አልበረደም።

ሙዐዊያ ሌባ አይደለም። ለራሱ ሞተር አላጣም። አክስቱ ያለ ዕርቅ ተኝታ እሱ የአንተን እንጀራ ሊቆርስ አይችልም፤ ያንን እንኳ አይተህ አልገባህም። እዚያ አገር የኖርከው ምን እየተማርክ ነው?

እንዲህ ነው የሚሆነው። መጥተህ እጅህን ለፖሊስ ትሰጣለህ፤ ፍርድ ቤቱ የራሱን ያደርጋል። ከዚያ በፊት ወይም ከዚያ በኋላ ሽማግሌዎቹ ኻሚስ ፊት ያቀርቡሃል። ኻሚስ ከታረቀ ለፍርድ ቤቱ ቃሌን እሰጣለሁ ብሏል፤ ቅጣትህ ይቀልልሃል። ሙዐዊያም ሞተሯን ይመልሳል። ካልመጣህ እዚያው በእግርህ ሂድ። በቱሪስት ቪዛ አይደል የገባኸው? ጎብኝ።

ማንጎው ዘንድሮም ደርሷል። ከአጥራችን ሆኜ ቀልቶ አየዋለሁ።

ሀብቱ


ካምፓላ፣ ሰኔ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ሀብቱ፣

ከቃልህ በኋላ ብዙ ቆየሁ። ልጽፍ እቀመጥና እቀድደዋለሁ። አሁን ቆርጫለሁ። እመጣለሁ።

ሙዐዊያ ጋ ሄጄ ነገርኩት። በማግስቱ የአውቶቡስ ትኬት እስከ ሞያሌ ቆርጦ እንደ ውኃው ሁሉ እደጃፉ ላይ አስቀመጠልኝ። በቪዛው ጉዳይም ድንበር ላይ የሚሉኝን እሰማለሁ። ከፈለጉ ይሰሩኝ፣ ከፈለጉ ይመልሱኝ፣ ብቻ ወደዚያ ነኝ።

ጻፍ ያልከኝን እጽፋለሁ። ኢቲዳል። ኢቲዳልን የገጨኋት እኔ ነኝ፤ ይዤ ሆስፒታል ማድረስ ስችል ጥያት የሄድኩት እኔ ነኝ። ልጅ ሆኜ “ያ ወለዲ” እያለች ትጠራኝ ነበር፣ ልጄ ማለቷ ነው። አስፋልቱ ላይም እንደዚያው ጠራችኝ። ስሟን መጻፍ ያቃተኝ ለዚህ ነው።

አንተን ይቅር በለኝ ማለት ይከብደኛል፤ ፊት ለፊት እንዳየሁህ እወድቅልሃለሁ። አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። ኻሚስ ቤት ስገባ እማ እጄን ይዛ ታስገባኝ። ሽማግሌዎቹ ከኋላ ይምጡ፣ እኔ በእሷ ነው የምገባው። ጉልበቷ እንደማይችል አውቃለሁ፣ ብትፈቅድ እሸከማታለሁ። ያን ያልተቀመጠችውን የኢቲዳልን ለቅሶ አብሬያት እቀመጣለሁ። ከዚያ በኋላ ፖሊሱም ዳኛውም የፈለገውን ያድርገኝ። እየመጣሁ ነው በላት፤ ከመንገድ ዳር እንዳትጠብቀኝ ግን፣ ፀሐይ ይመታታል።

ታናሽህ እዩኤል


አሶሳ፣ ሰኔ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእዩኤል፣

ይህን ወረቀት መናኸሪያ ላይ የሚሰጥህ ኢልያስ ነው፤ አብራችሁ የጠባችሁት። ሳትከፍተው ውኃ እንዲያጠጣህ ልነግረው ነበር፤ ለካ ገና አይችልም። ዕርቁ ሲወርድ ነው የሚያጠጣህ። ስለዚህ ቁጭ ብለህ አንብብ።

እማ የለችም። የካቲት ላይ ነው የሞተችው። ሞተርህን ስትነዳ በሕይወት ነበረች፤ እሷ ትርገመኝ ብለህ ስትጽፍ ግን ተቀብራ ነበር። ደብዳቤህን አነበብኩት አልኩህ እንጂ አነበብኩላት አላልኩህም። የመጨረሻውን ግን መቃብሯ ላይ ሄጄ አነበብኩላት። “ፀሐይ ይመታታል” የምትለዋ ጋ ስደርስ ወረቀቱን አጥፌ ተነሣሁ።

መርዶ ያላረዳሁህ ሆን ብዬ ነው። ሙዐዊያን አፉን ያስያዝኩት እኔ ነኝ፤ እሱ ይነገረው እያለ ሲለምነኝ ነበር። ኻሚስም ሲሰማ ሽማግሌ ልኮ ወቀሰኝ። “ሀብቱ፣ አንተ ይሄ ነገር ጥሩ አልሰራህም። እናት ሞተ፣ ልጁ አያውቅም፣ ይሄ ሐራም ነው” አለኝ። ሚስቱን የገደልክበት ሰው ነው ለአንተ የተከራከረው። አልሰማሁትም። እናቴ በመንገድ ማዶና ማዶ ተለቅሶላት ስትሄድ አንተ የሞተሯን ፎቶ አሳያት ስትለኝ ነበር፤ ከሞተች በኋላ ደረሰኝ ያ ፎቶ። አንተም አንድ ቀን ብቻህን፣ ሰው በበዛበት ቦታ፣ የሚይዝህ ሳይኖር እንድትሰማው ፈለግሁ። አሁን ሰማህ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ይህን ጽፌ ደጋግሜ አነበብኩት፣ ግን አልሰረዝኩትም።

ኢልያስ በቀጥታ ወደ ፖሊስ ይወስድሃል። ኻሚስ ራሱ ዋስ እሆነዋለሁ ብሏል። እሑድ ሽማግሌዎቹ ይቀመጣሉ። ኻሚስ ይቀበልሃል፤ እኔ ሳላምን እሱ ቆርጧል። ወልጄዋለሁ ብላ ያጠባችውን ልጅ ኢቲዳልም ብትሆን አትገፋውም ብሎ ላከብኝ። አብራችሁ ትበላላችሁ። ከዚያ ቀን በኋላ የእኔ ልጆችና የእሱ ልጆች ከአንድ ውኃ ይቀዳሉ፣ ሕሊና ገብታ ለኢቲዳል ትቀመጣለች፣ እኔም ማንጎዬን እለቅማለሁ። መጥተህ ይህን ስላደረግህ ተመስገን እላለሁ። ሞተርህም ትመለስልሃለች።

ወደ እኔ ቤት ግን እንዳትመጣ። ሽማግሌ እንዳትልክብኝ፣ ኻሚስንም እንዳታስለምነኝ። አንተንና ኻሚስን የሚያስታርቅ ሰው ሞልቷል። አንተንና እኔን ማስታረቅ የምትችለው እማ ብቻ ነበረች።

ሀብቱ